ሁልጊዜ ጠዋት

ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ጠባሴን ሳልወጣ፣
ቼክ ኢንጅኗ በራች፣ ቢጫ እንደ ቁጣ።
ውርጩ መስታወቱን እንደ ጨው አልብሶ፣
ትንፋሼ ከፊቴ ጉም ሆኖ ተመልሶ፣
በመጀመሪያው ቀን «ትጠፋለች» ብያለሁ፤
በማግስቱ ደግሞ በጨርቅ ጠርጌያታለሁ፣
አቧራ ይመስል።

መብራቷስ ትብራ፤ ምን አለኝ ከሷ ጋር፤
ያንገበገበኝስ የቤንዚኑ ነገር።
ድሮ አንዴ ስትሞላ
ሮቢት ሁለቴ ወርዳ፣ ሁለቴ ወጥታ
ትገባ ነበረ ገና ተደላድላ፤
ያን ለት ግን በሁለተኛው፣ ጣርማበር ሽቅብ ላይ፣
መርፌዋ ቀዩን ነክታ ስትንቀጠቀጥ ባይ፣
ዞሬ ያየሁት ረዳቴን ነው፣ ቅጣውን።
«የት ነው የምትሸጠው የቀዳኸውን?»

ቅጣው አልማለም። ድሮም አይምልም።
በሩን ከፈተና ዋሻው አፍ ላይ ወረደ።
የአሥራ አንድ ቀን ሒሳቡን «በጠጣኸው ይቻቻል» አልኩት፤
ጃኬቱን ቆልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሄደ፤
በጎን መስታወት
ጉሙ ከእግሩ ጀምሮ ሲበላው አየሁት።

ቅጣው ሄደ፤ ጥማቷ አልሄደም።
አንዱ ካንዴላ ለወጠ፣ ምንም ጠብ አላለም።
አንዱ ፊልትሮዋን በኮምፕሬሰር አራግፎ
የገብስ እብቅ አሳየኝ፣ እንደ ግዳይ አሰልፎ።
ሌላው ባትሪዋን ነቅሎ መለሰና፦
«ረሳችው» አለኝ። እውነትም ረሳች፤
እስከ ቅዳሜ ደኅና።
አንጋፋው መካኒክ መጨረሻ መጣ፤
ጥቁር ናስትሮ ቆርጦ ለጠፈባትና
«አትታይህም፤ በቃ» አለ፣ ሒሳብ ተቀበለ፣ ሻይ ጠጣ።
ሃያ ቀን ነዳሁ፣
ከናስትሮው ሥር እንደምትበራ እያወቅሁ።

ስንዱ ግን ኮፈኑን ገና ሳትነካው፣
«የት ነው የምትበራው? የት ነው የምትጠፋው?»
አለችኝ። ከዚያ ቀን በፊት «የት» ያለኝ አልነበረም።
አሰብኩ። ሮቢት ሳምንት ሙሉ
ከማሾ ነጋዴ ጋር ስሠራ ጠፍታ ነበር፤
ቤንዚኑም አልጎደለም።
ደጋ ስወጣ በራች።
«እንግዲያስ ሌባህ ደገኛ ነው» አለች።

በማለዳ አስነስታ እጄን ያዘችና
ሞተሩን ከራዲያተሩ ካገናኘው ጎማ ላይ አኖረችው።
«ሞተሩ ሳይግል ይሄ ለምን ሞቀ?
በር አለው፤ ቴርሞስታት። እስኪግል መዝጋት ነበረበት፤
ክፍት እንዳለ ደረቀ።
ውሃው ሳይግል ይወጣል፣ በርዶ ይመለሳል፤
ኮምፒውተሯ ምን ታድርግ፣ ‹ገና ጠዋት ነው› ትላለች፤
ቀትርም ጠዋት፣ ማታም ጠዋት፤
ብርድ ለመታው ሞተር ቤንዚን ትጨምርለታለች፣
እንደ አራስ አጥሚት።»

ፈትታ አወጣችው። የሕፃን ቡጢ ቢያክል ነው።
ወደ ሰማይ ብትይዘው በመሃሉ ብርሃን ታየኝ፤
መታየት አልነበረበትም።
የአዲሱን ዋጋ ስትነግረኝ
ሳላስበው በቅጣው ቀን መነዘርኩት፦ ስድስት ቀን።
ያስቀረሁበት አሥራ አንድ ነው።

ደብረ ሲና፣ ቆሎ ሻጮች መስኮት ለመስኮት ሲሻሙ፣
«ሮቢት! አንድ ሰው! የሞላ!» ሲል ሰማሁት፤
የሰው መኪና በር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ያው ድምፁ፣ ያው አቋሙ።
ወረድኩ። ብሩን በመዳፌ አጥፌ ይዣለሁ።
ዋሻው ውስጥ ያጠናሁት ቃል ነበረኝ፤ ረሳሁ፤
ጉሮሮዬ እንደዚያ ብረት ደረቀ፣
እኔ ግን በተዘጋበት።

ብሩን ሳይቆጥር ኪሱ ከተተ። እኔን አላየኝም፤
በትከሻዬ አሻግሮ እሷን አየ፦ ጎማዋን፣ በሯን፣
እሱ በሽቦ ያሰራትን የኋላ መብራት።
«አሁንስ» አለኝ፣
«አሁንስ ስንት ትጠጣለች?»