ፎርፌ

ከሸዋ በር ወጣን ገና ሳይነጋጋ፣
ሐረጎን ስንወርድ የመኪናው መብራት ከጉሙ ሲዋጋ።
አራት ሰው፣ ሁለት ሻንጣ፣ አንዲት ቀይ ራኬት
በፎጣ ጠቅልሎ ሙኒር ያቀፋት፤
እናቱ ዘምዘም ናት፣ ስድስት ዳቦ የቋጠረች፣
ትንሿ ኢክራም ደግሞ
“የአውሮፕላን መስኮት ይከፈታል?” እያለች፣ እያለች፣
ኮምቦልቻ ስንደርስ ጉልበቴ ላይ ተኛች።

እኔ ዳቦ ጋጋሪ፣ የሌሊት ሠራተኛ፣
ከተማው ሲነሳ ወገቤን ይዤ የምተኛ፣
“ልጅህ ጠረጴዛ ቴኒስ ይችላል” ሲሉኝ
“ማሻ አላህ” ብዬ ወደ ግድግዳው የምዞር፤
አንዴ እንኳ ሄጄ አላየሁም፣ ያቺን ኳስ ሲያበር።
ዘንድሮ ዕቁብ ወጣልኝ።
ምድጃ ልለውጥ ነበር፤ አልለወጥኩም፣
አራት ትኬት ቆረጥኩ፣ ማንንም አላማከርኩም።
አዲስ አበባ ላይ፣ በስድስት ሰዓት፣
ልጄን የማይበት።

በረራው ለሁለት ነው። ሁለት ተኩል ሆነ።
“አብሽሩ” አለን አንዱ ባለ ዩኒፎርም፣
“ጉሙ ይገፈፋል፣ ብዙም አይቆይም።”
እውነትም ሦስት ላይ ጉሙ ተገፈፈ፣
የቦርከና ዳር ባሕር ዛፍ ቅጠሉ አንድ በአንድ ታየ፤
አውሮፕላኑ ግን ከተነሳበት ሳይነሳ ዘገየ።
“አብሽሩ፣ ቴክኒክ ነው።” አራት ሰዓት አለፈ።

ሊጥ እንዲህ አያውቅም።
ሊጥ ሰዓቱ ካለፈ ይኮመጥጣል፣
አፉን ከፍቶ በገንዳው ጠርዝ ይወርዳል፤
ሃያ ዓመት ስሮጥ የኖርኩት ለዚያ ነው።
ይኼ ሰማይ ግን የማን ሊጥ ነው? ማነው ያቦካው?

ዘምዘም ዳቦውን ቆርሳ አካፈለች፣
ለወረኢሉ እመጫት፣
ክራቫት አስሮ ለሰርግ ለሚበር አንድ ሚዜ።
ሙሽራው ይደውላል፣ “የት ደረስክ?” በየጊዜ፤
“ደረስኩ፣ ደረስኩ” ይላል
ጫማውን አውልቆ፣ ወንበር ላይ ተንጋሎ፣
የእኔን ዳቦ ጎርሶ።

አምስት ተኩል ላይ አሠልጣኙ ደወለ።
ስልኩን ለሙኒር ሰጠሁት። ሰማ። “እሺ” አለ።
“ምን አለህ?” “ስድስት ላይ ካልተገኘሁ ፎርፌ ነው።”
ፎርፌ።
የብስኩት ስም ይመስላል፣ ሲጠሩት ቀላል ነው።

አላለቀሰም። ፎጣውን ፈታ።
ከመጸዳጃ ቤቱ በስተግራ፣
ቀ፣ ቂ፣ ቀ፣ ቂ፣ ኳሷ ከግድግዳው ጋር ስታወራ።
ጥበቃዋ ልትከለክል ተነስታ መጣች፣
ቆማ አየች፣ አየች፣
ተመልሳ ተቀመጠች።

ስድስት ሰዓት ነበር። ያኔ አየሁት።
ክርኑን ሲያጥፍ፣ ወገቡን ሲያዞር፣ ትንፋሹን ሲይዝ፣
እኔው ነኝ፣ ረጅሙን አካፋ እሳት ውስጥ ሰድጄ ዳቦ ስመዝዝ።
ማን አሳየው?
ስንት ሌሊት በዳቦ ቤቱ በር ስንጥቅ አይቶኝ ይሆን፣
እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው?
“እያየኸው ነው?” አለች ዘምዘም፤
መልስ አልሰጠኋትም።

ስምንት ላይ ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። መጣ።
ሰዉ ሁሉ ተነሳ፣ ሻንጣ ከሻንጣ ተላጋ፣
ሚዜው አንድ እግር ጫማ ፍለጋ
ከወንበር በታች ገባ።
“ስንት ለስንት?” አልኩት ሙኒርን፣ ላብ በላብ ሆኖ ሲመጣ።
“አሥራ አንድ ለዘጠኝ” አለ፣
“ግድግዳው አሸነፈኝ።”
የምለው ጠፋኝ፤
ራኬቷን ተቀበልኩት።

ትኬቱን መልሰን ሐረጎን ወጣን፣
በቀን ብርሃን፣ ጉም በሌለበት።
እጀታዋን አገላብጬ አየሁት፤
ከጥፍሬ ሥር የማይለቅ ዱቄት
ላቡ ላይ ተጣብቆ ነጭ ሆኗል።
እሱ ተኝቷል።
ከላያችን አንድ ነገር አገሳ፤
ኢክራም ከእንቅልፏ ነቅታ፣ አንገቷን ሰግጋ፣ አየችው እስኪያልፍ፣
“አባ፣ ዝግ ነው” አለችኝ፣ “መስኮቱ አይከፈትም”፣
ደግሞ ወሰዳት እንቅልፍ።