ጉንጬን ይዤ

ከፖስታ ቤት ወረድ፣ ከጎማ ሱቅ በላይ፣
አንድ ደረጃ አለ፣ ለሁለት ጉዳይ።
ግራው በር የጥርስ ነው፤ ቀኙ ደግሞ የነፍስ፣
ታፔላውን ከፊል የበላበት ነፋስ።
«የምክር አገልግ...» ይላል የተረፈው፣
ሎቱን የአዳማ አቧራ የዘረፈው።
ሰው ያየኛል ብዬ፣ ከአያንቱ ቀድሜ፣
ጉንጬን ይዤ ወጣሁ፣ ጥርሴን ታምሜ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ከጅቡቲ አዳማ፣
ሞተር ሲያስል ገና ከሩቅ የምሰማ
ሾፌር ነኝ፤ የመኪና ሕመም አይጠፋኝም፤
የራሴ ሲንኳኳ ግን ጆሮ አልነበረኝም።

ነገሩ ሚሌ ላይ ነው። ረዳቴ ቱፋ፣
ታኮ ሊያደርግ ወርዶ፣ በዚያው ከሥር ጠፋ።
ሃያ ሁለት ዓመቱ። ከኪሱ የወጣው
ማስቲካና፣ ለእናቱ ሊልክ የቆጠረው
ሦስት መቶ ብር።

ፖሊስ «ፍሬን ነው» አለ፤ መዝገቡን ዘጋ።
እኔ ግን አልተዘጋሁም። አልጋዬ ላይ
እግሬ ፍሬን ይረግጣል፣ እስኪነጋ።
የአያንቱ ባት ጠቆረ። ሰፈሩ «ይመታታል» አለ፤
እሷ «የአልጋ ጠርዝ ነው» አለች፤
እኔ ካልሲዬን እያጠለቅሁ ወደ ሥራ ወጣሁ።

አንዱ ሶደሬ ላከኝ፣ ፍል ውኃ ተነከርኩ፤
ሌላው ጸበል አለኝ፣ ጠጥቼ ተመለስኩ።
አንዱ ደግሞ ጀርባዬን መታ አርጎ
«ወንድ አይደለህ እንዴ? ቻለው እንጂ» አለ፤
ይህን ግን እንኳን እኔ፣ ሎቤድም አልቻለ።

ሲስተር ጠይባ ጠረጴዛ የላትም።
ሦስት የላስቲክ ወንበር፣ አንድ ካርቶን ሶፍት፣
ከግድግዳው ማዶ የጥርስ መሰርሰሪያ ጩኸት።
«ከየት እንጀምር?» አለች። ስለ ናፍጣ አወራሁ፣
ስለ ጋላፊ ወረፋ፤ ግማሽ ሰዓት ነዳሁ
ባዶ መንገድ ላይ።
አላቋረጠችኝም።
ስጨርስ ወደ አያንቱ ዞራ፦
«አንቺስ? ሌሊት ሌሊት የት ነሽ?»

አያንቱ፣
በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር «ደህና ነኝ» እንጂ ሌላ ያልወጣት፣
የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ፣ ፈትታ፣ ደግማ ጠቅልላ፣
«እኔም ከጎማው ሥር ነኝ» አለች።
«እሱ ያንን ልጅ ሊያወጣ በየሌሊቱ ይወርዳል።
እጁ እኔን ይዳብሰኛል፤
ልጁ አለመሆኔን ሲያውቅ፣ ትቶኝ ይወጣል።»

መሰርሰሪያው ቆመ።
ጉንጬን ያዝኩ፤
አሁን ግን የምር እርጥብ ነበር።

«ዛሬ አናነሳውም» አለች ሲስተር፣ ቃሌን ከአፌ ሰርቃ፤
«ታኮ ብቻ እናድርግለት፣ እንዳይንሸራተት።
ሐሙስ ኑ።»

ሐሙስ ሄድን። የሚቀጥለውም ሐሙስ።
ዳንኩ አልልም። እግሬ ዛሬም ይረግጣል፤
ግን አያንቱ በጨለማው ጉልበቴን ትይዝና
«ቆሟል» ትለኛለች። «መኪናው ቆሟል።»
የቱፋ ሦስት መቶ ብር አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው።
ለእናቱ የምሰጥበትን ቀን፣
ምን ብዬ እንደምሰጥ፣
ሦስታችን ገና እየተማከርንበት ነው።

ባለፈው ሳምንት፣ ደረጃውን ስወርድ፣
ጋሽ እንግዳወርቅ ጉንጩን ይዞ ሲወጣ ተገጣጠምን።
«ጥርስህን ነው?» አለኝ። «አዎ፣ ጋሼ። አንተስ?»
«እኔም፣ ይቺን ክራንቻዬን።»
ጋሽ እንግዳወርቅ ግን፣ ሰፈር እንደሚያውቀው፣
ጥርስ ካጣ ቆይቷል፤ በድዱ ነው የሚስቀው።

ግድግዳው ላይ ተለጥፌ አሳለፍኩት።
ሁለቱ በሮች ጋ ሲደርስ ቆመ፤
አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ ጉንጩን አልለቀቀም።
«ቀኙ ነው፣ ጋሼ» አልኩት ከታች ሆኜ።
«በሩ ይከብዳል፤ ገፋ አድርገው።»