ቱባ

ሐሙስ ከቀትር በኋላ በባጃጅ ጭነው አመጡት፣
በብርድ ልብስ ጠቅልለው እንደ ታማሚ አወረዱት።
«ራዲያተር የምትበይድ አንተ ነህ?» አለኝ ዋቅቶላ፣
ሃምሳ አለቃ ነው፤ ከንፈሩ ያበጠ፣ ጉንጩ የሞላ።

«አዎ» አልኩት፤ «የሲኖ፣ የአይሱዙ፣ የሚኒባስ፤
የጂቡቲ መንገድ ያፈላው ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚፈወስ።
ይሄ ግን የምን መኪና ነው?» ብርድ ልብሱን ገለጠ፤
ቱባ ነው። ሆዱ የጎደጎደ፣ አንገቱ የተቀጠቀጠ።
«ከካሚዮን ላይ ወድቆ ነው» አለ፤ የት እንደሆነ አልነገረኝ፤
ወታደር ዝም ያለበትን መጠየቅ ደግሞ አላማረኝ።

ሌሊቱን ከረዳቴ ጋር፣ ከሙዘይን ጋር ሠራነው፤
በእንጨት ኳስ ከውስጥ ገፋን፣ በላስቲክ መዶሻ ዳበስነው።
ስናጥበው ከአንጀቱ ቀይ አሸዋ ወረደ፤
የአዳማ አፈር አይደለም፤ የእኛ አመዳም ነው፣ የነደደ።
ሙዘይን በእፍኙ ይዞት ሊጠይቀኝ አፉን ከፈተ፣
አየኝና ዝም ብሎ በቡሎን ጣሳ ከተተ።

አንዲት ስርጉድ ግን እምቢ አለች፤ አውራ ጣት የምታህል፤
ብንገፋት ትሰነጠቃለች፤ ምን እናድርጋት ስንል፣
«ትቅር» አለን ዋቅቶላ፣ «አውራ ጣቴ ለምዷታል።»

ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት፤ በድሮው ባቡር ጣቢያ ሜዳ፣
ነፋስ ከኮረብታው ወረደ፣ ማንም ያልጠራው እንግዳ፤
ኖታውን ሊበትን ሲል በልብስ መቆንጠጫ አሰሩት፣
ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፤ ከሚስቶቻቸው ገመድ የነቀሉት።
ፊት ለፊት፣ ባለ መከዳ ወንበር፣ ቱባ ቱባው ሹም ተቀምጧል፤
የእኔ ቱባ ከመጨረሻው ረድፍ ከከበሮው ጎን ተጎልቷል።

አንድ ውሪ ሎሚ ገምሶ ፊታቸው ቆሞ ይመጣል፣
ጥሩምባ ነፊው ምራቁን ይውጣል፣ ደግሞም ይውጣል፤
ሻምበል ጥላዬ በዓይኑ ቢቆጣው ጭራሽ አጮኸው፤
«ከፍዬ ነው የገዛሁት!» አለ፤ ሕዝቡ በሣቅ ደገፈው።

ማርሽ ጀመሩ። እኔ የማውቀው ማርሽ የካምቢዮ ነበር፤
ይሄኛው ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሳይንገጫገጭ ሲሻገር
የጋሪው ፈረስ ጆሮ ቀሰረ፣ ባጃጁ ሞተር አጠፋ፣
ትሮምቦኑ በረዥም ክንዱ መሸት ያለውን ሰማይ ገፋ።
እኔ ግን ሌላውን አልሰማሁም፤ ሙሉ ጆሮዬን ሰጥቼ
የበየድኩትን ጠበቅኩ፣ ከበሽተኛ ደጅ ቀርቼ።
ያፈስ ይሆን?

ከዚያ ዘፋኙ ተነሣ፤ ማይኩን መታ፣ «አንድ፣ ሁለት» አለ፤
ሦስት ሊል ሲል መብራት ሄደ። ከተማው በአንዴ ከሰለ።
«ያ ሁሉ ነጭ ዘንግ ኮረብታ ላይ ነፋስ ሲፈጭ እያደረ፣
ጨለማው ለእኛ ነው?» ብሎ አንድ ሾፌር አማረረ።
ማይኩ ሞተ። ዘፋኙ ቆመ። ኖታውን ጨለማ ዋጠው፤
ፊተኛው ወንበር ሰዓት አየና ሹፌሩን በስልክ ጠቀሰው።

ያኔ ነው፣ ከኋላ፣ ከታች፣ ከምድር ሆድ እንደሚወጣ፣
እንደ ሶደሬ ውሃ የሞቀ አንድ ድምፅ ቀስ ብሎ የመጣ።
የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ መብራት ምን ያደርግለታል?
ዋቅቶላ ነው። ብቻውን። አራት ኖታ፣ ዝቅ ያሉ፤
ከዚያ አንድ ሳክስፎን፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሁሉም ተከተሉ፣
በቃል። ሻምበሉም የማይታይ ዱላውን ብብቱ ጣለ፤
እንደ እኛው አዳማጭ ሆኖ እጁን አጣምሮ ዝም አለ።

እኔም ሰማኋት፣ ስርጉዷን።
እዚያች ጋ ሲደርስ ትንፋሹ ትንሽ ይሰናከላል፤
የሞተ ሰው ስም ሊጠራ እንዳለ ሰው፣ ምራቁን ይውጣል፤
ከዚያ ያልፋል።
«ሰኞ ይምጣና እናቅናት?» አለኝ ሙዘይን በጆሮዬ።
«ተዋት» አልኩት።

መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ሰዉ «እሰይ!» ብሎ አጨበጨበ፤
ልጁ ሎሚውን ረስቶት ጭማቂው ከክርኑ ተንጠባጠበ።
ዋቅቶላ ከሩቅ አየኝና አውራ ጣቱን አነሣ፤
ጎበዝ ማለቱ ይሁን፣ ሌላ፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።
ቀዩ አሸዋ እዚሁ ነው፣ ጋራዥ፣ በቡሎን ጣሳ።
ዳዶ ፍለጋ እጄን ስከት ጥፍሬ ሥር ይገባል፤
እፍ ልለው ጉንጬን እሞላና፣ ትንፋሼ እዚያው ይቀራል።