በሽምብራ ወር የተሞላ ቅጽ

በባጃጅ ወረድሁኝ፣ ቅጼን አቅፌ፣
ጤዛው ሳይረግፍ ገና፣ አዘዞን አልፌ፤
ሃያ ስድስት ነጥብ፣ አራት ዓምድ ያለው፣
ትናንት ጎንደር ቢሮ፣ ማኅተም ያረፈው።

ርዕሰ መምህሩ፣ አቶ አዛናው ወጡ፣
ክራቫታቸውን፣ ሊያስሩ እየሮጡ፤
«ዝግጁ ነን» አሉ፣ «ሰነዱ ሙሉ ነው፣
ዕቅዱ፣ ቃለ ጉባኤው፣ ፎልደር ውስጥ ያለው።»
ፎልደሩ አዲስ ነው። ዋጋው ተለጥፏል
ከጀርባው ላይ ገና። ማን ይጠይቃል?

አራተኛ «ለ» ገባሁ። ከኋላ ተቀመጥሁ፣
ጉልበቴ ከዴስኩ ጋር ሲጋጭ ቻል አደረግሁ።
መምህርት ታከለች፣ አንድ ጠመኔ ሰብራ፣
«ይኸ ግማሽ» አለች፣ «ይኸም»፣ አሳየች በተራ፤
አንዱን ግማሽ ለነገ፣ ኪሷ ውስጥ ከተተች፣
በቀረው ስባሪ፣ ክፍልፋይ አስተማረች።
«በመርጃ መሣሪያ ተጠቅማለች?» ይላል ቅጹ።
«አዎ» አልሁ። ጠመኔ መርጃ ይባላል?
ይባል ይሆናል።

ስም መጥሪያውን አየሁ። በቀይ ራይት ለብሷል፣
ስልሳ ሁለት ስም ነው፤
እኔ ራስ ስቈጥር፣ አርባ አንድ ላይ ቆሟል።
«ልጥራ?» አልሁ። ጠራሁኝ። «ውባንቺ ደርበው!»
«አለች!» አለ አንድ ልጅ፣ እርሳሱን ከአፉ ሳይጥለው።
ክፍሉ ሣቀ። ሣቅሁ።
«አንተ ማነህ?» «እንየው። መንታ ነን ከእሷ ጋር።
ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዐርብ፣ እሷ ናት የምትማር፤
ማክሰኞና ሐሙስ፣ ተራው የእኔ ነው።
ደብተራችን አንድ ነው፤
ከፊት የእሷ ጽሑፍ፣ ከኋላ የእኔ ነው፤
መሀል ስንገናኝ ነው፣ ሌላ የምንገዛው።»

መምህርቷን ሳያት፣ መስኮት ታያለች፤
«ካልሞላሁ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ከመዝገብ ትሰረዛለች።»

ክፍልፋይ! ሁለት ልጅ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ደብተር፣
ቅጼ ላይ ግን «አለ» ወይም «የለም» ነው፤ ግማሽ አይቈጠር።

ውጤት። ውባንቺ፣ ሒሳብ፣ ከሃያ አምስት ነው፣
አጠገቡ «ደካማ»፣ በቀይ የተጻፈው።
እንየው ስምንት ነው።
ብደምረው ያልፋሉ፤ አሥራ ሦስት ይሆናል፣
እንዲህ ያለ ድምር ግን፣ ማን ይፈቅድልኛል?

ስመለስ፣ ከመገጭ ድልድይ ፈቀቅ ብሎ፣
እሸት ሻጩ ልጅ ሁሉ፣ ባጃጁን ከቦ፣ «ሽምብራ! ሽምብራ!» ብሎ።
አንዲቱ ግን ዝም አለች። እስሯን አስጠግታ፣
ቆመች እንደ ትልቅ ሰው፣ በዕቃዋ ተማምና፣ ዋጋዋን ቆርጣ።
«ስንት ነው?» «አሥራ አምስት።» «ሰባት ስጪኝ» አልኋት፤
«መቶ አምስት» አለች ወዲያው፤ ሁለት መቶ ሰጠኋት፤
ዘጠና አምስት ብሩን፣ ከመቀነቷ ፈትታ፣
አንዴ እንኳ ጣቷን ሳታነሳ፣ እጄ ላይ አኖረችው ቈጥራ።
ስሟን አልጠየቅሁም። ፈራሁ። ዓይኗ የእንየው ነበር።
«ነገስ ትምህርት የለም?» አልሁ፣ ነገሩ እንዲያጥር።
«ነገማ» አለች፣ «ቀኔ ነው።»

እሸት ስፈለፍል፣ ቅጹ ጭኔ ላይ ነው፣
ጣቴ ጨው ጨው አለ፣ እንደ ሎሚም ኮመጠጠው።
«አለ» እና «የለም» መሀል፣ አረንጓዴው ፈሰሰ፣
ባሻሸው፣ ባሻሸው፣ ጭራሽ ሰፋ፣ ባሰ።

ጎንደር ስገባ ግን፣ ኃላፊዬ አየና፣
«ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ፣ «በንጹሕ ቅጽ ላይ፣ ገልብጠው እንደገና።»

ገለበጥሁ። ደረጃ ሁለት።
ስልሳ ሁለት አልሁኝ፤ አርባ አንዱን ዘለልሁት፤
ታከለች በቀይ የሞላችውን፣ እኔ በሰማያዊ ሞላሁት።

የቆሸሸውን ቅጽ አልጣልሁም። መሳቢያዬ ውስጥ ደርቋል፤
አረንጓዴው ቡኒ ሆኖ፣ መሀሉ ላይ ቆሟል።