አራሚን ማረም

ኡፒንግተን፣ ኅዳር፤ ጥላ እንኳ ጥላ የሚሻበት፣
የጋሪፕ ወንዝ ከወይኑ ማሳ ወጥቶ የሚተኛበት።
ከኮሌጁ ቢሮ፣ ከቆርቆሮው በታች፣ ሰማንያ ወረቀት ጠበቀኝ፤
"የቧንቧ ሥራ፣ ደረጃ አራት" ይላል ሣጥኑ፤ ገና ሳልከፍተው ላብ አጠመቀኝ።

ሥራዬን ለሰፈር ሰው በአንድ ቃል ማስረዳት ከብዶኝ ኖሯል፤
"እናቴ የታረመ ታርማለች" ትላለች ልጄ፤ "ታዲያ መጀመሪያ ማን አርሟል?"
እንደ እርሻ ማረም ነው ስላቸው ይስቃሉ፤ ማሳው ግን ወረቀት፣
ስንዴውም እንክርዳዱም ስም የለው፤ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት።

ደንቡ እንዲህ ነው፦ አራሚው በቀይ፣ ኮሌጁ በሰማያዊ፣ እኔ በአረንጓዴ፤
ከሰማንያ ስምንት መዝዞ ማየት፣ መፈረም፣ መሄድ ነው ልማዴ።

ሦስተኛው ላይ ቆምሁ። ቁጥር ሠላሳ አንድ፤ ጥያቄ ሰባት፦
"ፎቅ ላይ ቧንቧ ቢፈነዳ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?" ሁለት ነጥብ አለበት።
የመልስ ቁልፉ፦ "የቤቱን መዝጊያ ዝጋ።"
የልጁ ጽሑፍ ግን ወደ ጎን ያዘነበለ፣ ወረቀቱን የሚወጋ፦
"በእኛ ሰፈር መዝጊያው አንድ ነው፣ ለስድስት ቤት፤
መጀመሪያ ጎረቤት አንኳኳለሁ። ሕፃን የሚታጠብበት፣
በሽተኛ የተኛበት ቤት ውሃ ይቅዳ።
ከዚያ እዘጋለሁ።"
በቀይ፦ ዜሮ።

ዜሮው ክብ ነበር፣ ቆንጆ፣ እንደ ቧንቧ አፍ፤
ሳየው ውሃ የሚንጠባጠብ መሰለኝ፣ ከጠረጴዛው እስከ ደጃፍ።
ሁለቱን ነጥብ ልስጠው ብል፣ ለእርሱ ብቻ አይሆንም፤
ቁልፍ ለአንዱ ከተከፈተ ለሌላው አይዘጋም።
ሰማንያውም እንደገና ይነበብ ማለት ነው።
ሾፌሩ በበር ብቅ ብሎ ሰዓቱን አሳየኝ፤ ፊቱ "ከነገሩ ጦም እደሩ" የሚል ነው።

ሁሉንም አስወጣሁ። ከስድሳኛው በኋላ ሌላ ነገር አየሁ፤
ባዶ ገጽ ላይ የትክክል ምልክት፣ ስሕተት ላይ ሙሉ ነጥብ፤ ቆጠርሁ፣ ደግሜ ቆጠርሁ፤
ሃያ ወረቀት ሳይነበብ አልፏል፤
ቀዩ እስክሪብቶ እንደ ደመና ጥላ ላያቸው ላይ ሄዷል።

አቶ ስዋርትቦይን አስጠራሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማረ፣
ጣቱ ላይ የቧንቧ ሙጫ የማይለቅ፤ ባርኔጣውን አውልቆ አቀረቀረ።
"መብራት አልነበረም" አለ። "በስልኬ ብርሃን ነበር የማርመው።
እናቴ ደግሞ በዚያው ሌሊት አለፈች።" ከዚያ ዝም አለ፤ ዝምታን ማን ያርመው?

አለፈች።
ቃሏን ከወረቀቶቹ ጥግ ላይ አነበብኋት፦
አለፈ፣ አለፈ፣ አለፈች።

"እግዜር ያጥናህ" አልሁት፤ ወንበር ሳብሁለት፤
ቀጥዬም፣ ጨክኜ፣ ስድሳ አንደኛውን ከፊቱ ገለጥሁለት።

እስኪመሽ አነበብን፤ እርሱ ጮክ ብሎ፣ እኔ በጣቴ እየተከተልሁ፤
የተጠበሰ ሊጥ አመጡልን፤ ዘይቱ ወረቀት እንዳይነካ በር ላይ ቆሜ በላሁ።
በጎረቤት አንኳኪው መልስ ዘጠኝ ልጅ ተነሣ፤
ከሃያው ግን ስድስቱ ወደቁ፤ አንዷ በአንድ ነጥብ፤ እሷን አልረሳ።
ቁጥር ሰባ አራት። ሥዕሏ ቀጥ ያለ፤ ግፊቱን ግን አልለካችም፤
ያቺን አንድ ነጥብ ፈለግሁላት፣ ገልብጬ፣ ከጀርባውም፤ የለችም።

ሰባ ዘጠኝ ላይ አረንጓዴው ደረቀ።
አቶ ስዋርትቦይ ከኪሱ ቀይ አወጣ፤ አየውና መልሶ ደበቀ።
ሱቅ ተዘግቷል። ሳልፈርም አደርሁ፤
በማግስቱ፣ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ ሳይከፈት፣ ደጁ ላይ ቆሜ ነበርሁ።

ውጤቱ አንድ ቀን ዘገየ።
በአጥሩ በኩል ስናልፍ የልጆቹን እርግማን ጆሮዬ ለየ፦
"እነዚህ ሰነፎች! አንድ ፊርማ ለመጫር ቀን ይፈጃሉ?"
ሠላሳ አንድ ከመካከላቸው ይሆን? ሰባ አራትስ? መልካቸውን አላውቅም።
ላብ ያጠባቸው ልጆች ናቸው፤ ሁሉም ይጮኻሉ።