የተዋሰ ድምፅ

ከሚስማር ሱቅ በላይ አንዲት ጠባብ ክፍል፤
ቶርቫልድ ጠበቃው፣ በድንች የሚከፈል።

ባንክ የሁልዳን እርሻ በሐራጅ ሲያስጮኸው፣
ጉድጓዷን ከነውሃው ተሟግቶ አስጣለው።

በምርጫው ሰሞን ላይ ቆጥረው መለሱለት፤
ያዋሳቸውን ድምፅ በድምፅ ከፈሉት፤
ቢስማርክ ላኩት፣ ከግዛቱ ምክር ቤት።

ወንበሩ ቆዳ ነው፣ ክርኑን አስደገፈው፤
ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጦ አሳለፈው።

አንድ ሌሊት ቀረበ የውሃው ረቂቅ፣
ለነዳጅ ቆፋሪ ጉድጓድ የሚያስለቅቅ።
ስሙ ሲጠራበት ጉሮሮውን ጠረገ፤
“አዎ” አለ። በአንድ ድምፅ ሕጉ ተደነገገ።

ዛሬ ከሱቁ በላይ አዲስ ልጅ ተከራይቷል፤
አቤቱታ ሲጽፍ መብራቱ ይታያል።
የሁልዳ ልጅ ገባች፣ ባዶ ባልዲ ይዛ።
“ማንን ነው የምንከስ?”
ጣቷ ከግድግዳው፣ ከፎቶው ላይ አረፈ፤
ቶርቫልድ፣ ወጣት ሳለ፣ ድንቹን እንዳቀፈ።