ከጎንደር መተማ

አንገረብ ማዶ ላይ፣ ካጥራችን ሥር ሆና፣
ባንቻምላክ ቀደደች ከሃይላንድ ጋቢና።
ምስማር አግላ በእሳት አራቴ ስትበሳ፣
የላስቲኩ ሽታ መንደሩን አስነሳ።

የዘይት ጀሪካን ሲጋደም ለጭነት፣
የስክሪብቶ ቀፎ ጭስ ማውጫ ሆነለት።
ጎማ ብቻ ጠፋ፤ ሦስት ክዳን አላት፣
አራተኛውንማ ጎርፉ ወሰደባት።

«ቆራሌው!» እያለ መጣ እንዳላማው፣
ከሩቅ ነው የጆንያው ኳኳታ 'ሚሰማው።
«ልመዝናት እንዴ?» ሲል ጎንበስ ብሎላት፣
«አትሸጥም!» አለች፣ «ነገ መተማ ናት።»

ዝም አለ። ጆንያውን መሬት ላይ ዘርግፎ፣
ፈለገ፣ ፈለገ፣ ነጭ ነጩን አልፎ፣
ቀይ ክዳን አወጣ፤ ሦስቱን ትበልጣለች።
መኪናዋ እስካሁን በግራ ታነክሳለች፤

ወደ መተማ ግን ደርሳ ተመልሳለች።